ከሳሽ የሌለው ቁራኛ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሕግ ዜና የሚያነብ ሰው ካለ፣ የሚያነበው ሕጉን ፈልጎ ሳይሆን የብዙነሽን ወሬ ፈልጎ ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ጌታሁንም ሆዱ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠባሴ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር በላይ፣ «ጌታሁን እና ብዙነሽ፣ የንግድ ሕግ ጠበቆች» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሁለቱ ጠበቆች ወር በገባ ቁጥር ለደንበኞቻቸው በቴሌግራም ዜና ይልካሉ። የላይኛው ክፍል «አዳዲስ ሕጎች» ይባላል፤ የሚጽፈው ጌታሁን ነው። የታችኛው «የቢሯችን ዜና» ይባላል፤ የምትጽፈው ብዙነሽ ናት።

ጌታሁን ደግሞ ምን የመሰለ ሥራ ይሠራል መሰላችሁ! የባንክ ሥራ ለውጭ ባለሀብት ሲከፈት፣ የገቢ ግብር ሲሻሻል፣ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ሲለወጥ፣ አንዱን አንቀጽ ከሌላው አመሳክሮ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም ሆነ የብቅል ገብስ ነጋዴው እንዲገባው አድርጎ ያስቀምጠዋል። ታዲያ ማን ያንብብለት? ሰዉ ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ ቁልቁል ይወርድና ብዙነሽ ጋ ሲደርስ ተደላድሎ ይቀመጣል።

ብዙነሽ በቁሟ ሕልም የምታይ ሴት ናት። «በዚህ ወር» ብላ ትጽፋለች፣ «ጉሙ በመስኮት ገብቶ አንድ የመመሥረቻ ጽሑፍ ላይ ተኝቶ አገኘነው። ቀጠሮ እንዳለው ነግረን አስነሣነው።» ወይም ደግሞ፣ «ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ደንበኛችን ወይዘሮ ታንጉ ለዳቦ ቤታቸው የንግድ ፈቃድ አግኝተዋል። ዳቦው ገና ሕጋዊ ሳይሆንም ይጣፍጥ እንደነበር በቃለ መሐላ እናረጋግጣለን።» ወይም፣ «ጠበቃ ጌታሁን በጉንፋን ድምፃቸውን አጥተው ሰንብተዋል። ይህን የመሰለ ዕድል ተከራካሪዎቻቸው ሳይጠቀሙበት አልፏል።» ይህን ያነበበ ነጋዴ በማግስቱ ስልክ ይደውልና ጉንፋኑ ተሻለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስለ አዋጁ የሚጠይቅ የለም።

ሁለቱም አርባውን አጋምሰዋል። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነው የተማሩት፤ ቢሮውንም አብረው ነው የከፈቱት። ጌታሁን አግብቶ ፈትቷል። ብዙነሽ አላገባችም፤ ለምን አላገባሽም ሲሏት «ቀጠሮው ተለወጠብኝ» ትላለች። ምሳ ከአንድ ሰሃን ይበላሉ። እሱ ክርክር ሲያዘጋጅ እሷ ተቃራኒ ወገን ሆና ትሞግተዋለች፤ ሲሸነፍ ይናደዳል፤ በነጋታው ችሎት ላይ የእሷን ነጥብ የራሱ አስመስሎ ይናገራል። ከተማው ይህን አይቶ ብዙ ብሏል። ፍቅር ነው? አይደለም? እኔ በሰው ቤት ምን አገባኝ። ብቻ ብዙነሽ ጠዋት ደረጃውን ስትወጣ የጌታሁንን ሳል ከላይ ካልሰማች ቀኑ አልነጋም ትል እንደነበር አውቃለሁ።

ታኅሣሥ ገብቶ ነበር። ሐሙስ ቀን ነው፤ ውርጩ ሣሩን አንጥፎ አድሮ፣ ጉሙ ደግሞ ረፋድ ላይ ከበረሃው በኩል ወጥቶ ከተማውን ዋጠው። ብዙነሽ መስኮቱ ጋ ቆማ ታች መንገዱን ታያለች። ባጃጆቹ ድምፃቸው ይመጣል እንጂ አይታዩም። አንድ በግ ነጂ ከነበጎቹ ከነጭ ውስጥ ወጥቶ ነጭ ውስጥ ገባ። መንገዱ ተነሥቶ ሄዶ ከተማው ብቻውን የቀረ መሰላት፤ ደስ አላት፤ ለዜናው የሚሆን ነገር ተገኘ ብላ። ጌታሁን ገባ። ካፖርቱን አላወለቀም።

«ብዙዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ንገረኛ።»

«አዲስ አበባ ያለ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ጠርቶኛል። ሸሪክ ሊያደርጉኝ ነው። መልስ እየጠበቁ ነው።»

 «አትሂድ» የሚለው ቃል ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዓለም ላይ የምትፈልገው ነገር አንድ ነበር፤ እሱም ይህ ሰው ካፖርቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ እንዲቀመጥ ነው። ግን ኩራት የሚባል ነገር አለ። ደግሞም ሰው ሲያልፍለት እግሩን መያዝ ምቀኝነት ነው ብላ አሰበች። ፊቷን አበራችና፣

«እንኳን ደስ አለህ!» አለችው። «ይገባሃል። በሚቀጥለው ዜና ላይ አወጣዋለሁ።»

ጌታሁን ትንሽ ቆመ። «ሌላ የምትይው የለም?»

«ምን እላለሁ? ደስ ብሎኛል እንጂ።»

«እሺ» አለና ወደ ክፍሉ ገባ፤ በሩን ገርበብ አደረገው። እሷም ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠችና፣ እንባዋ የኮምፒውተሯ የፊደል ሰሌዳ ላይ እንዳይንጠባጠብ ወደ ጣሪያው እያየች፣ የመሄዱን ዜና መጻፍ ጀመረች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። አበው ይህቺን ሴት አላዩም፤ በዝምታዋ እንዴት እንደ ነቀዘች።

ዓርብ ጠብ ተጀመረ። ጀማሪው ጌታሁን ነው። ጠዋት ገብቶ ሰላም እንኳ ሳይል «የቢሮው ስም ከእኔ ጋር ይሄዳል» አለ።

«እንዴት ተደርጎ?»

«ስሜ ይቀድማል። ሰሌዳውን እይዋ።»

«ሰሌዳውን ያሠራሁት እኮ እኔ ነኝ!»

ከስሙ ወደ ደንበኞቹ፣ ከደንበኞቹ ወደ ቴሌግራሙ፣ ከቴሌግራሙ ወደ መስኮቱ ዳር ወዳለችው አበባ ተሻገሩ። በመጨረሻ ጌታሁን «እስቲ ውላችን ምን ይላል?» አለ። ያኔ ሁለቱም ተያዩ። ውል የለማ! ለአገሩ ሽርክና ሁሉ ውል ያረቀቁ ሰዎች ናቸው፤ ወንድማማቾች ወፍጮ ሲከፍቱ «በቃል አይበቃም፤ ጻፉት» ብለው የሚቆጡ። ጠበቆች ተጣምረው ድርጅት እንዲያቋቁሙ የሚፈቅደው ሕግ ሲወጣ ከሁሉ ቀድመው ዜናውን ያሠራጩት እነሱ ናቸው። ራሳቸው ግን አልተመዘገቡም። «ከፋሲካ በኋላ» ይላል እሱ፤ «ክረምቱ ይውጣ» ትላለች እሷ። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ መናገር አቆሙ። አይ፣ ቢያቆሙስ በተሻለ! አንቱ ተባባሉ። ያ ሁሉ ዘመን አንተና አንቺ ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች፣ «ወይዘሪት ብዙነሽ፣ በሩን ቢዘጉልኝ» «ይቅርታ ያድርጉልኝ አቶ ጌታሁን፣ ክፍት መሆኑን አላየሁም» መባባል ጀመሩ። የአገራችን ሰው ሲናደድ አንተ ይልሃል፤ አንጀቱ ሲያር ግን አንቱ ነው የሚልህ። ብዙነሽ «እርስዎ» ባለችው ቁጥር የገዛ ምላሷ ያቆስላት ነበር። እሱም «እርስዎ» ሲላት ዓይኑን አያነሣም።

ፍርድ ቤት መሄድ አይታሰብም። በአዲሱ የዕርቅ አዋጅ ላይ ስንት ጊዜ ጽፈዋል! «ክስ ከመመሥረታችሁ በፊት አስታራቂ ፈልጉ፤ ዕርቁም በሕግ ይጸናል» ብለው ነጋዴውን ሲሰብኩ ኖረው አሁን ችሎት ቢቆሙ ከተማው በሳቅ ይፈርሳል። ስለዚህ አስታራቂ መረጡ። በአንድ ነገር የተስማሙት በዚያ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በአንድ አፍ «ጋሼ ማኅደረማርያም» አሉ።

ጋሼ ማኅደረማርያም አንኮበር ነው የሚኖሩት። ድሮ የአውራጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ንብ ያረባሉ፤ የማር አምራቾች ማኅበር ሲያቋቁሙ የመጀመሪያ ደንበኛ ሆነው ወደ ሁለቱ ጠበቆች የመጡት እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን የጉንዳን እርምጃ ይሰማል።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮቹ አጣርተው በጌታሁን መኪና ተነሡ። ጉሙ አብሯቸው ሄደ። ከከተማው እንደወጡ ሜዳው ጠፋ፤ የታጨደው ገብስ ክምር አንድ አንድ ብሎ ብቅ እያለ ያልፋል፣ በጎች አንገት የሌላቸው ይመስል ጀርባቸው ብቻ ይታያል። ጌታሁን መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳል። ብዙነሽ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋለች። ተራራው ጫፍ ሲደርሱ ጅባራ የሚባሉት የደጋ ተክሎች ረዣዥም ሆነው በጉሙ ውስጥ ቆመዋል፤ መኪና ሲያልፍ ሰላምታ ሊሰጡ የተነሡ ሽማግሌዎች መሰሏት። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ አንቱ መባባላቸው ትዝ አላትና ዘጋችው። እንዲህ ያለውን ነገር ከእንግዲህ ለማን ነው የምነግረው ብላ አሰበች።

ጋሼ ማኅደረማርያምን ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው አገኟቸው። ሰላምታው አለቀ፣ ጤና ተጠየቀ፣ ንቦቹም ተጠየቁ። ከዚያ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ችሎት ላይም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት አሉ።

«ከሳሽ ማን ነው?»

ጌታሁን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ክስ እንኳ የለም ጋሼ። የሽርክና ማፍረስ ጉዳይ ነው። በስሙና በደንበኞቹ…»

«ከሳሽ ማን ነው አልኩ እንጂ ምን ልትካፈሉ ነው አላልኩም።»

«እኔ አይደለሁም» አለ ጌታሁን።

«እኔም አይደለሁም» አለች ብዙነሽ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። «ወይ ጉድ! ሁለት ጠበቃ፣ አንድ ዳኛ፣ ከሳሽ የለም። እኔ ታዲያ ማንን ልዳኝ? ንቦቼን?» ጋቢያቸውን አወለቁና፣ «አንቺ፣ የነጠላሽን ጫፍ ወዲህ በይ። አንተ ደግሞ ይህን ጋቢ ልበስ፤ በዚያ ኮት ብርዱ ይጨርስሃል» አሉ።

ጋቢያቸውን አልብሰውት ሲያበቁ ጫፉን ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት። በደከመ ዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው ነው የሚያዩት። 

«ይህ ቁራኛ ይባላል። ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ነገሩን ግን አላያችሁትም» አሉ። «ንጉሡ እዚህ አንኮበር በነበሩ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በልብሳቸው ጫፍ እንዲህ ይታሰሩ ነበር። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ አንዱ ደጅ ሲወጣ አንዱ ይከተለዋል። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከይፋት ተነሥተው ይህን አቀበት እየተጎተቱ ይወጡታል። አያቴ ያዩትን ሲናገሩ፣ ብዙው ሰው እዚህ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይታረቅ ነበር ይሉኛል። ለምን ይመስላችኋል?»

«ተዋደው?» አለች ብዙነሽ።

«ምን መዋደድ! ተሰላችተው ነው እንጂ። የባላንጣህን ማንኮራፋት ስንት ሌሊት ትችላለህ?» ሳቁ። «በሉ እስከ ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ውጡ። ከሳሹ ማን እንደሆነ ሳታውቁ እንዳትመለሱ። ከሳሽ ሳይገኝ ቋጠሮዬን የፈታ ደግሞ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት እኮ በአዋጁ…» አለ ጌታሁን።

«አስታራቂ አድርጋችሁ መርጣችሁኛል አልመረጣችሁኝም?»

«መርጠናል።»

«እንግዲያስ ውጣ።»

ወጡ። መጀመሪያ ላይ አሣቂ ነበር። ጌታሁን ይቸኩላል፣ ነጠላው ይሳባል፣ ብዙነሽ ወደፊት ትደፋለች። እሷ ድንጋይ ለመዝለል ወደ ግራ ስትል እሱ አንገቱን ታንቆ ይቆማል። «ቀስ ይበሉ!» «እርስዎ ይፍጠኑ!» በመጨረሻ ሁለቱም ደከማቸው። እሱ እርምጃውን አሳጠረ፣ እሷ አስረዘመች፤ እግራቸው ገጠመ። 

ጉሙ እዚያ ላይ ሌላ ነው። ፊት ላይ ያርፋል፤ ቅንድብ ላይ ጤዛ ይሆናል። የጥድ ግንድ ብቅ ይልና ይጠፋል፣ ከገደሉ በታች ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሲነጫነጩ ይሰማል፣ ከዚያም በታች ቆላው አለ፤ አይታይም እንጂ ሙቀቱ አልፎ አልፎ ሽቅብ ይመጣል። አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ እየወረደች ከጉሙ ወጣች። ቋጠሮውን አየችው፣ ሁለቱን አየቻቸው፣ ምንም አልገረማትም።

«እግዜር ይፍታችሁ» ብላ አለፈች።

ብዙነሽ ዞር ብላ አየቻት፤ የለችም። ከዚያ በኋላ ያየችውን ነገር አየሁት ብላ አትምልም፤ እኔም አላስምላትም። ብቻ ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ሲወርዱ አየች። ጥንድ ጥንድ፤ ኩታቸው ከኩታቸው የተቋጠረ። አንዱ ጥንድ ይጨቃጨቃል። አንዱ ቆሎ ይዞ እየተካፈለ ይበላል። አንድ ሰው የተኛ ባላንጣውን አዝሎ ይወርዳል፤ ላለመቀስቀስ ቀስ እያለ ነው የሚረግጠው። በአጠገቧ ሲያልፉ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ሸተታት። ሁሉም አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሏታል፤ የአገራቸውን ሰው እንዳገኙ ሁሉ። ከመካከላቸው ቋጠሮውን ለመፍታት የሚታገል አንድም አልነበረም። አንዲት ሴት ብቻ ለብቻዋ ወረደች። የነጠላዋ ጫፍ እንደተቋጠረ ነው፣ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ግን ማንም የለም። ፊቷን ለማየት ብዙነሽ ጠጋ አለች፤ ጉሙ ሸፈናት።

«ምን ሆንሽ?» አለ ጌታሁን። መቆሟ ስቦት ነበር። አንቺ እንዳላት ሁለቱም ልብ አሉ።

«ምንም። እንሂድ።»

«ገርጥተሻል እኮ።»

«ብርዱ ነው።»

ፍርስራሹ ጋ ደረሱ። የቀረው ግድግዳ ትንሽ ነው፤ ኖራው አሁንም ነጭ ነው፣ በላዩ ሣር በቅሏል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፤ ተራርቀው መቀመጥ አይችሉም፤ ቋጠሮው አጭር ነው። ትከሻው ትከሻዋን ነካት። ሞቃት ነበር። ስንት ዘመን አንድ ቢሮ ውለው ትከሻው ሞቃት መሆኑን አታውቅም ነበር። ነገ ከነገ ወዲያ ይህ ትከሻ አዲስ አበባ ሌላ ሰው አጠገብ ይቀመጣል።

ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ወይም አጭር ጊዜ። እዚያ ላይ ሰዓት የሚያስታውስ ሰው የለም።

«የስሙን ነገር ተይው» አለ ጌታሁን ድንገት። «ውሰጂው። ደንበኞቹንም፣ አበባዋንም። እኔ ስሙን ምን ላደርገው? የምሄድበት ድርጅት የራሱ ስም አለው።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ተጣላኸኝ?»

«እንድትጣዪኝ ነዋ!» ድምፁ ከፍ አለ፤ ጭላዳዎቹ ዝም አሉ። «ሌላ ምን ላድርግ? እሄዳለሁ ስልሽ እንኳን ደስ አለህ አልሽኝ። እንኳን ደስ አለህ! እንደ ባዕድ። በዜናው አወጣዋለሁ አልሽ። ከተጣላሽኝ ቢያንስ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ላይ እንቆያለን ብዬ ነው። ሙግት እንደሆነ ይረዝማል። እኔና አንቺ ከዚያ ሌላ ምን እናውቃለን?»

ብዙነሽ ቋጠሮውን በእጇ ያዘች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እዚህ ደግሞ አፋፉ ላይ ናቸው፤ ከዚህ ወዲያ የሚወጣበት ቦታ የለም።

«ከሳሽ ተገኝቷል» አለች።

«ማን?»

«እኔ።»

ጌታሁን ሊስቅ ሞከረ። «በምን ትከሺኛለሽ?»

«ሳትጠይቀኝ ልትሄድ ነው።»

«ነገርኩሽ እኮ!»

«ነገርከኝ። አልጠየቅከኝም። ልሂድ ወይ አላልከኝም። መልስ እየጠበቁ ነው አልክ፣ ካፖርትህን ለብሰህ ቆምክ። እኔስ ምን ልበልህ? የሰው እንጀራ ልዝጋ? ምቀኛ ልባል?»

 ጌታሁን በቀስታ፣ ችሎት ላይ የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቃት፣ ድምፁ ግን የችሎት ድምፅ አልነበረም።

«የምትጠይቂውስ ዳኝነት ምንድን ነው?»

የክስ ማመልከቻ ሁሉ መጨረሻው ይህ ነው። ዳኛው ምን እንዲያደርግልህ ትፈልጋለህ? ብዙነሽ ይህን መስመር ለነጋዴው፣ ለገበሬው፣ ለባልቴቷ፣ ለፋብሪካው ስትጽፍ ኖራለች፤ አንድ ቀን ቸግሯት አያውቅም። አሁን ለራሷ ሲሆን ግን ቸገራት። አፏን ከፈተች፤ ጉም ገባ እንጂ ቃል አልወጣም።

«ፈርሜያለሁ እኮ ብዙዬ» አለ ጌታሁን።

«ምን?»

«ውሉን። ፈርሜ ልኬላቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ያን ሐሙስ፣ ሲመሽ። ከሰዓቱን ሙሉ ጠብቄሻለሁ። በሩን ገርበብ ያደረግሁት ገብተሽ አንድ ነገር ትዪኛለሽ ብዬ ነው። የጽሑፍሽን ድምፅ እሰማለሁ። ያ የፊደል ሰሌዳ ቀጭ ቀጭ ሲል፣ የመሄዴን ዜና እየጻፍሽ እንደሆነ ገባኝ። እንግዲህ ካለቀ አልቋል ብዬ ፈረምኩ።»

ብዙነሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጥቂት ቆይታ ጠበቃነቷ ተነሣባት። «ውል እኮ ይፈርሳል። ስንት ምክንያት አለ። ገና ሥራ አልጀመርክም፤ ካሣም ቢሆን…»

«ቃሌን ተማምነው ለቦታው የታሰበ ሌላ ሰው መልሰዋል። መዝገብም በስሜ ተቀብለዋል። እኔና አንቺ ነን የፈረመ ይፈጽማል እያልን አገር ስናስተምር የኖርን።» ራሱን ነቀነቀ። «አላደርገውም። አንቺም ባደርገው አትወጂልኝም።»

እውነቱን ነው። አትወድለትም ነበር። ይህ ደግሞ ይበልጥ አቃጠላት።

«እንግዲያስ አሁን ብናገረው ምን ይረባል?»

ጌታሁን ወደ እሷ ዞረ። ቅንድቡ ላይ ጤዛው ተንጠልጥሏል፤ አርባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ሳይሆን መንገድ የጠፋበት ልጅ መሰለ።

«ልስማው» አላት። «ፈርሜም ቢሆን ልስማው። ሳልሰማው አትስደጂኝ።»

«ቅርልኝ» አለችው ብዙነሽ። አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማቆም አቃታት። «ቅርልኝ ጌታሁን። አትሂድብኝ። ሳልህን ሳልሰማ እንዴት ብዬ ነው ያን ደረጃ የምወጣው? ጅባራዎቹ ተነሥተው ሰላም ሲሉን አይቼ ልነግርህ ፈልጌ እንኳ ዝም አልኩ። ለማን ልንገረው? ያን ሐሙስም ልልህ የነበረው ይኸው ነው። አትሂድ ልልህ ነበር። ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር።»

ጌታሁን አለቀሰ። ፊቱን ሊያብስ የጋቢውን ጫፍ ሲያነሣ ነጠላዋ አብሮ ተነሣ፤ የሁለቱም እንባ በአንድ ቋጠሮ ታበሰ። ቆላው ላይ ጉሙ ተገልጦ ሩቅ ያለ አገር ታየ፤ ፀሐይ ነበር እዚያ። ከዚያ ተመልሶ ተዘጋ። ተደጋግፈው ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ማንም አልተቻኮለም።

ጋሼ ማኅደረማርያም ኮቴያቸውን ከሩቅ ሰምተው ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«ከሳሽ ተገኘ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ብዙነሽ።

«ጎሽ። ተከሳሽስ ምን አለ?»

«አመነ።»

ሽማግሌው ቋጠሮውን በጣታቸው ፈልገው ፈቱት። ሰኞ ጠዋት ጌታሁን ወደ አዲስ አበባ ሄደ።